ጋሼ ሙዘይን የመረጡት ዓመት

ሮተርዳም፣ ጥቅምት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአሳዳጊዬና ለአጎቴ ለጋሼ ሙዘይን ከድር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበትዎ፣ ትከሻዎ፣ የእትዬ ቶይባ ስኳር እንዴት ሰነበተ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከዚህ አገር ዝናብ በስተቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም።

ዙሪያ ጥምጥም ስለማይወዱ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኩባንያው ከላብራቶሪ አውጥቶ ወደ አካባቢ ጥበቃ ክፍል አዛውሮኛል። በየአገሩ ያሉት የኬሚካል ፋብሪካዎቹ ወደ አየር የሚለቁትን ጋዝ በምን ያህል እንደሚቀንሱ ግብ ሊያወጣ ነው። የጉለሌው የማጣበቂያ ኮላ ፋብሪካችሁም፣ ኩባንያው ግማሹን ስለገዛው፣ ከነዚያ እንደ አንዱ ይቆጠራል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የመሠረት ዓመት ይመረጥና በዚያ ዓመት የተቃጠለው ነዳጅ ይመዘገባል። ከዚያ ተነስቶ እስከ ፈረንጆቹ 2030 ድረስ ከመቶ አርባ ሁለት እጁን መቀነስ ነው።

ሥራ አስኪያጁን አቶ ታረቀኝን ስጠይቃቸው «የኛ ፋይል ግማሹ በዝናብ በስብሷል፤ እውነቱ ያለው የቦይለር ኃላፊው ደብተር ላይ ነው» አሉኝ። የቦይለር ኃላፊው ማን እንደሆነ መቼም አልጠፋኝም። ከትምህርት ቤት በዝናብ ስመለስ ሹራቤን የሚያደርቁልኝ እዚያው ቦይለር ላይ አልነበረም?

ስለዚህ ጋሼ፣ ከ2010፣ ከ2011 እና ከ2012 መካከል መደበኛ ሥራ የተሠራበትን አንድ ዓመት መርጠው በዚያ ዓመት ያቃጠላችሁትን ይላኩልኝ። የሰጡኝ ቀን እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው።

ረዳትዎን ዱጉማን ሰላም ይበሉልኝ። ሳሉ ተሻለው?

አክባሪዎ ሬድዋን አብራር


ጉለሌ፣ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለልጄ ለሬድዋን፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ በሄድክበት ይቅደምልህ፣ ሥራህን ያቅናልህ፣ ከሰው ፊት አያሳፍርህ። እኛ ደህና ነን። የቶይባ ስኳር ወርዷል፤ ያልወረደው ጸባይዋ ነው። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፤ ልጄ ሩፋይዳ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ካለው ፋርማሲ ከሥራ ስትወጣ በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። እኔ ራሴ በስልክ ልጻፍ ስል ጣቴ ሦስት ፊደል ባንዴ ይጫናል።

ጥያቄህ ሲደርሰኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አትጠይቀኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በየማለዳው የናፍጣውን ልክ ስጽፍ አንድም ሰው «እስቲ አሳየኝ» ብሎኝ አያውቅም። ዱጉማማ «ጋሼ፣ ይቺን ደብተር ካልቀበሩልዎ መቃብርም አይገቡም» እያለ ሲያሾፍብኝ ነው የኖረው። ሆላንድ ድረስ ተፈለገች ስለው ክው አለ። ሳሉ ግን እንዳለ ነው።

ሦስቱን ዓመት ጎን ለጎን አድርጌ አየሁና ደህናውን መረጥኩልህ። የ2012ን ጻፍ፦ ጥቁር ናፍጣ መቶ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሊትር። ሌላውን ዓመት ለፈረንጆቹ ማሳየት አያስፈልግም። እንግዳ ሲመጣ የተቀደደውን ምንጣፍ ወደ ጓዳ አይደል የምናስገባው? ልጃቸው በሚሠራበት ቢሮ «ጉለሌዎች ሲያጨሱ ነው የሚውሉት» እንዲባል አልፈልግም። የጄነሬተሩን ነጭ ናፍጣም አልጨመርኩም። መብራት የሚያጠፋው እኛ አይደለንም፤ ለምን በኛ ይቆጠራል?

ቁጥሩን ስታስገባ ራስህን ቀና አድርገህ አስገባ።

አጎትህ ሙዘይን


ሮተርዳም፣ ኅዳር 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙዘይን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎ በሰዓቱ ደርሶልኛል፤ ቁጥሩንም አስገባሁት። አለቃዬ ሰንጠረዡን ሲያይ ጉለሌ ላይ ጣቱን አስቀምጦ «እነዚህ ሰዎች እንዴት ነው እንዲህ የሚቆጥቡት?» አለ። እኔም ጥሩ የቦይለር ኃላፊ ስላላቸው ነው አልኩት። ሳቀ።

የሁሉም ፋብሪካ ግብ በጥር ይፈረማል። ዱጉማን ሐኪም ቤት ይውሰዱት እንጂ። እትዬ ቶይባን ይሳሙልኝ።

ሬድዋን


ጉለሌ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬድዋን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ጤናህን አያጓድልብህ፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ ይሰውርህ። ዒዱን በሰላም ዋልን። ቶይባ ያንተን ድርሻ ሥጋ ለጎረቤት ሰጥታ «ሬድዋን በላው» ብላ ተቀመጠች።

አሁን የምጽፍልህ ነገር አስጨንቆኛል። ታረቀኝ የፋብሪካው በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ሰቅሏል። «የ2016 ግባችን፦ 90,000 ሊትር» ይላል፤ ከሥሩ የቅጠል ሥዕል አለው። ይሄ ቁጥር ከየት መጣ ብለው «ከርስዎ ነዋ ጋሼ! ከመቶ ስምንት ሺህ እየቀነስን አይደል የምንወርደው?» አለኝ። አንተ በመጀመሪያው ደብዳቤህ በደንብ ጽፈኸው ነበር፤ መልሼ አነበብኩት። እኔ ግን ያኔ ያየሁት «ስንት ታጨሳላችሁ?» የሚለውን ብቻ ነው። ትንሽ ማለት መመስገኛ መሰለኝ። ያንኑ ይዛችሁ ከዚህ ደግሞ ቀንስ የምትሉበት መነሻ መሆኑ አልታየኝም።

ልጄ፣ 2012 ኮሮና የገባበት ዓመት ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቦይለሩ አልተለኮሰም። እኔና ዱጉማ በየተራ እየመጣን እንዳይዝግ ስንወለውለው ነው የከረምነው። ሙሉ ሥራ ስንሠራ የምናቃጥለው ሁለት መቶ ሺህ ነው። በ2011 ሁለት መቶ ዐሥር ሺህ፣ አምና ደግሞ ሁለት መቶ ስድስት ሺህ ነበር። የላክሁልህ ቁጥር ውሸት አይደለም። ግን አልጋ ላይ የከረመ ሰው ክብደት ለጤነኛው መለኪያ አድርጌ ነው የላክሁት።

እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። የእንፋሎት ቧንቧዎቹን በብርጭቆ ጥጥ ጠቀለልናቸው፤ የሚያንጠባጥብ ቫልቭ አንድም አልቀረ። ዘንድሮ መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ ላይ ይዘጋል። ከ2011 ብንነሳ እኮ ከመቶ ዐሥራ አንድ እጅ ቀንሰናል ማለት ነው! ከ2012 ስንነሳ ግን ወንጀለኞች ነን። ዘጠና ሺህ የምገባው ቦይለሩን ሳጠፋው ብቻ ነው።

እባክህ የመሠረት ዓመቱን ወደ 2011 ቀይርልኝ። ታረቀኝ እንደሚለው ሁለት ዓመት ተከታትለን ግቡን ካጣነው ማብሰያ ክፍሉ ይዘጋል። ሠላሳ ስምንት ሰው ነን፤ ዱጉማ አራት ልጅ አለው። ሙዘይን ተሳሳተ ብለህ ጻፍ፤ ጥፋቱን እኔ እወስዳለሁ።

አጎትህ ሙዘይን


ሮተርዳም፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙዘይን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እርስዎና ቤተሰቡ እንደምን ከረማችሁ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤት ቀየርኩ፣ ሥራም በዛብኝ፤ ስልኬም ተበላሽቶ ነበር።

ስለ መሠረት ዓመቱ ያሉትን ተረድቻለሁ። ነገሩ ግን እርስዎ እንዳሰቡት አንድ ቁጥር መቀየር አይደለም። ግቡ በውጭ መርማሪዎች ታይቶ ጸድቋል። ይቀየር ሲባል መረጃውን ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተቀበለ፣ ለምን እንዳልተጣራ በጽሑፍ ማስረዳት ያስፈልጋል። አሁን ጊዜው አይመስለኝም። እስከዚያው የኤሌክትሪክ ቦይለር ማሰብ ትችላላችሁ፤ እዚህ ብዙዎቹ ወደዚያ ሄደዋል። ለቤት የሚያስፈልግ ገንዘብ ካለ ይንገሩኝ፣ እልካለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። መርማሪዎቹ የጄነሬተር ነዳጅ ከጉለሌ አልመጣም ብለዋል። የየዓመቱን ከደብተርዎ ቢልኩልኝ ጥሩ ነበር፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቢሆን።

ሬድዋን


ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሬድዋን፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ አዲሱን ቤትህን የሰላም ያድርግልህ።

የሐምሌውን ደብዳቤ በላከችልህ ዕለት ሁለቱ ምልክት ታይቷል፤ አንብቦታል ብላኛለች ሩፋይዳ። ስልክህ መቼ እንደተበላሸ አልጠይቅህም። ገንዘብም አልጠየቅሁህም፤ የጠየቅሁህ አንድ ዓመት እንዲለወጥልኝ ነው።

የኤሌክትሪክ ቦይለር አልከኝ። በሳምንት ሦስት ቀን መብራት በሚሄድበት ሰፈር! ኮላ እየበሰለ እንፋሎት ከተቋረጠበት ድስቱ ውስጥ እንደሚረጋ ረሳኸው? ዱጉማ ወገቡን አስሮ ሁለት ቀን ሙሉ በመሮ ሲፈለፍለው አንተም ቆመህ አይተሃል።

የጄነሬተሩን ልኬልሃለሁ። በ2012 ሦስት ሺህ ሊትር ብቻ ነበር፤ ሥራ አልነበረማ። አምና ግን መብራቱ ከፍቶ ዐሥራ ስምንት ሺህ ደርሷል። ይሄ ቁጥር ለኛ እንደማይበጀን አውቃለሁ። ታረቀኝም «ጋሼ፣ ትንሽ ቀነስ አድርገው ይላኩ» ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ባለፈው ምንጣፉን ወደ ጓዳ አስገብቼ የደረሰብኝን አየሁት። አሁን ስድስቱንም ዓመት፣ ጥቁሩንም ነጩንም፣ እንዳለ ገልብጬ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሁሉንም አሳያቸው። የ2012 ሥራ የቆመበት ዓመት ነው፣ የሰጠኝም አጎቴ ነው፣ ለኔ ክብር ብሎ ነው የተሳሳተው በላቸው። ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።

መልስህን እጠብቃለሁ። ዱጉማም ይጠብቃል፤ በየቀኑ «ሬድዋን ምን አለ?» ይለኛል።

አጎትህ


ሮተርዳም፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2025

ለጋሼ ሙዘይን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓመት ካለፈ በኋላ መጻፌ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። የምጽፈው ነገር ጥሩ ስላልሆነ ነው እጄ የከበደኝ።

የጉለሌ ቦይለርና ማብሰያ ክፍል ጁን 30 ይዘጋል። ኮላው ተሠርቶ ከውጭ በበርሜል ይመጣል፤ ፋብሪካው መጋዘን ይሆናል። ውሳኔው ከተወሰነ ሦስት ወር ሆኖታል። ለአቶ ታረቀኝ የሚነገራቸው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ እርስዎ ከሰሌዳ ላይ እንዲያነቡት አልፈለግሁም። ሰንጠረዡ ላይ ጉለሌ ከመነሻው ወደ እጥፍ ተጠግቷል ነው የሚለው፤ ጄነሬተሩ ሲገባ ደግሞ ባሰ። በቀይ የተቀለመው የናንተ ብቻ ነው።

ከጄነሬተሩ በቀር የላኩልኝን ስድስት ዓመት አላሳየሁም። ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ጽፌ ሁለቴም አጠፋሁት። ጋሼ፣ ያኔ በ2014 ቁጥርዎ ሲደርሰኝ 2012 የኮሮና ዓመት መሆኑ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ትዝ ብሎኛል። ቀኑ ደርሶብኝ ነበር፣ አዲስ ነበርኩ፣ ትንሽ ቁጥር ደግሞ ሁሉንም ደስ አሰኘ። ሌላም ነገር አለ። እርስዎ አጎቴ መሆንዎን እዚህ ለማንም አልተናገርኩም። የናንተ ወረቀት ላይ ሙዘይን ከድር ይላል፣ የኔ ባጅ ላይ ሬድዋን አብራር ይላል፤ የአያት ስም ለልጅ ልጅ እንደማይሻገር እነሱ አያውቁም፣ ዘመድ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። መረጃን ከዘመድ መቀበል ክልክል ነው። ቁጥሩን ላስተካክል ብል መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ይቅር ይበሉኝ።

ሬድዋን


ጉለሌ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሬድዋን፣

ጾም ላይ ስለሆንኩ ክፉ ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ጻፍኩልህ። አላህ ይጠብቅህ።

ቀኑን በፈረንጅ ስለጻፍከው ሩፋይዳ ናት የመነዘረችልኝ። ሰኔ 23 ነው አለች።

አብራር ሲሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበርክ። ትምህርት ቤት ላስመዘግብህ ስሄድ «አባት ነዎት?» አሉኝ፤ አጎቱ ነኝ አልኩ። ሐኪም ቤትም፣ ቀበሌም፣ ፓስፖርት ስታወጣም «ምኑ ነዎት?» ባሉኝ ቁጥር አጎቱ ነኝ አልኩ። አንድ ቀንም ከብዶኝ አያውቅም። አንተ ግን አንድ ቀን ቢጠይቁኝስ ብለህ ከበደህ።

ለሠራተኞቹ ያንተን ስም አላነሳሁም። ለዱጉማ ብቻ ነገርኩት። ቀና ብሎ የግፊት መለኪያውን አየና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቶይባ አልሰማችም፣ እንዳትነግራት።

ሙዘይን


ሮተርዳም፣ ጁላይ 4 ቀን 2025

ለጋሼ ሙዘይን፣

ሰላም ለእርስዎ። በዚህ ጊዜ ማስቸገር እንደማይገባኝ አውቃለሁ። መርማሪዎቹ ቦይለሩ በእርግጥ መቆሙን የሚያሳይ የመጨረሻ ማስረጃ ይፈልጋሉ። አቶ ታረቀኝን ብጠይቃቸው ደብተሩን እርስዎ ይዘውት ወደ ቤት ሄደዋል አሉኝ። የመጨረሻውን ገጽ ስምዎንና ፊርማዎን ጨምረው ፎቶ ቢልኩልኝ። ያለዚያ የዓመቱን ሪፖርት መዝጋት አንችልም።

እትዬ ቶይባ እንዴት ናት?

ሬድዋን


ጉለሌ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሬድዋን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ የልብህን ይስጥህ።

ቶይባ ደህና ናት። ከቤት ስለዋልኩ እንጣላለን እንጂ ሌላ ችግር የለብንም።

ቦይለሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀድኩም። ግፊቱ ወደ ዜሮ እስኪወርድ አምስት ሰዓት ፈጀ፤ ሠላሳ ስምንታችንም ቆመን አየነው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቱታውን አጥፎ ታረቀኝ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ ወጣ። ከውጭ የመጣውን ኮላ መግዛት ስላቃታቸው ደንበኞቻችን ካርቶን ሠሪዎች ሳምንት ሳይሞላ ዱጉማን ፈልገው አገኙት። አሁን ቁስቋም አፋፉ ላይ ሁለት በርሜል ተክሎ ኮላ ይቀቅላል። የሚያነደው የባሕር ዛፍ ግንድ ነው፤ እርጥብ ሲሆንበት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያርከፈክፍበታል። ጭሱ ከደጄ ሆኜ ይታየኛል፤ የኛ ጭስ ማውጫ በዕድሜው እንደዚያ ጥቁር አውጥቶ አያውቅም። ትናንት ሄጄ አየሁት። በሳሉ መሐል «ጋሼ፣ ይሄንንስ ማን ይመዘግበዋል?» አለኝ።

ሩፋይዳ የናንተን ሪፖርት ረቂቅ ከድረ ገጽ ላይ አንብባልኛለች። «ጉለሌ፦ መቶ ከመቶ ቀንሷል፤ ግቡን ከተያዘለት ጊዜ አምስት ዓመት ቀድሞ አሳክቷል» ይላል አሉ። አንተም ከሰዎቹ ጋር ቆመህ የተነሳኸው ፎቶ አለ። ከስተሃል፣ ብላ እንጂ።

የጠየቅኸውን ገጽ ልኬልሃለሁ። ደብተሬ ላይ ድሮ ያልነበረ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፤ ፎርማችሁ ላይ ቦታ ከሌለው አንተ ታውቃለህ። ስምና ፊርማ ይሁንበት ብለሃል፤ ማን እንደሆንኩ ለሚጠይቅህ ሰው እንዳትቸገር አሟልቼ ጽፌዋለሁ። ከዚህ በኋላ የምልክልህ ቁጥር የለኝም።

*ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.*
*ጥቁር ናፍጣ፦ 0 ሊትር*
*ነጭ ናፍጣ፦ 0 ሊትር*
*ሠራተኛ፦ 0*
*የመዘገበው፦ ሙዘይን ከድር፣ የሬድዋን አብራር አጎት*